ጥገኛ የተባለው ሕንፃ

ስለ ጎረቤት የሚነገር ተረትና ምሳሌ ሞልቶናል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» እንላለን። እሳት የምንጫጫረው፣ ቡና የምንጠራራው፣ ሐዘን ሲደርስ ድንኳን የሚተክልልን ጎረቤት ነው። ጎረቤት እንዴት እንደሚመረጥ የሚናገር ተረት ግን እኔ አላጋጠመኝም። ጎረቤት ይገጥማል እንጂ መቼ ይመረጥና! አሜሪካኖች ግን ጎረቤት የሚመርጡበት ሕግ አበጅተዋል። ሕጉ ስለ ሰው ምንም አያወራም። የሚያወራው ስለ መሬት፣ ስለ ሕንፃ ከፍታና ስለ ግቢ ስፋት ነው። ብልሃቱም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ነገሩ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ባለ ግቢ ቤቶች ብቻ ባሉበት ጸጥ ያለ ሰፈር ዳር አንድ ባለሀብት፣ አንዳንዴም አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ብዙ ቤተሰብ የሚይዝ አፓርታማ ልሥራ ብሎ ያመለክታል። የከተማው ምክር ቤት ሕዝብ ይጠራል። ነዋሪው ተራ ይዞ ማይክራፎን ይጨብጣል። መኪና ይበዛል፣ ማቆሚያ ይጠፋል፣ ትምህርት ቤቱ ይጨናነቃል፣ ፀሐይ ይጋረዳል፣ የቤታችን ዋጋ ይወርዳል፤ ከሁሉም በላይ «የሰፈራችን ጠባይ» ይበላሻል ይላል። በመጨረሻም አንዱ ይነሣና «አፓርታማ አይሠራ አላልንም፤ እዚህ አይሠራ ነው ያልነው» ብሎ ይቀመጣል። ይጨበጨብለታል።

ይህ አቤቱታ የትናንት ፈጠራ አይደለም። አብዛኛው በ1926 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰጠው ውሳኔ ውስጥ ሰፍሮ ይገኛል። (የአሜሪካን ታሪክ ስናወራ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።) ወደዚያ ውሳኔ ከመድረሳችን በፊት ግን ጥቂት ወደ ኋላ እንበል።

በ1910 የባልቲሞር ከተማ አንድ ደንብ አወጣ። ነጮች በሚበዙበት መንገድ ላይ ጥቁር ቤት እንዳይገባ፣ ጥቁሮች በሚበዙበትም ነጭ እንዳይገባ የሚከለክል ነበር። «እኩል» ነው እንግዲህ! ሌሎች የደቡብ ከተሞችም ተከተሉ። ከእነዚህ አንዱ የኬንታኪው ሉዊቪል ነበር፤ የእሱ ደንብ ተከስሶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። በ1917 ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ሻሩት። ልብ በሉ፤ ውሳኔው በአመዛኙ የቆመው በባለ ንብረት መብት ላይ ነው። ሰው ቤቱን ለፈለገው የመሸጥ መብት አለው ነው የተባለው። የሆነው ሆኖ ሰውን በቀለሙ ለይቶ በሰፈር መደልደል በአዋጅ አይቻልም ተባለ።

ግን በዚያው ሰሞን ሌላ ብልሃት እየተወለደ ነበር። በ1916 ኒውዮርክ ከተማዋን በሙሉ በሕንፃ ከፍታና በአገልግሎት የሚደለድል ደንብ አወጣች። «ዞኒንግ» የሚባለው መሆኑ ነው። ለዚህ ካበቋት ነገሮች አንዱ ከአንድ ዓመት በፊት ተሠርቶ ያለቀው 38 ፎቅ ያለው የኤኩዊተብል ሕንፃ ነው፤ የጎረቤቶቹን ፀሐይ ጠቅልሎ ወሰደ። ይህ የሚያሳምን ምክንያት ነው። በዚያው ዓመት በሌላኛው የአገሪቱ ዳር፣ በካሊፎርኒያዋ በርክሊ፣ አንድ ሰፈር ከአንድ ቤተሰብ ቤት በቀር ሌላ እንዳይሠራበት የሚከልል ደንብ ወጣ። እዚያ ፎቅ ፀሐይ አልጋረደም። በ2021 የከተማው ምክር ቤት የዚህ ክልከላ መነሻ ዘርን ከዘር መለየት እንደነበረ ራሱ አምኖ፣ ክልከላውን ለማስቀረት ውሳኔ አሳልፏል። ከ105 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ እንግባ። ኦሃዮ ውስጥ፣ ከክሊቭላንድ ከተማ አጠገብ ዩክሊድ የምትባል፣ ነዋሪዋ ከ10 ሺህ የማይበልጥ መንደር ነበረች። የክሊቭላንድ ፋብሪካዎች በባቡር ሐዲዱ ዳር ዳር እየተሳቡ ወደ እርሷ ይመጡ ነበር። በ1922 መንደሯ መሬቷን በስድስት መደብ ከፈለች። አንደኛው ለአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ፣ ሁለተኛው ለሁለት ቤተሰብ ቤት፣ ሦስተኛው አፓርታማ ለሚፈቀድበት፤ እንዲህ እያለ እስከ ፋብሪካው ድረስ ይወርዳል። አምብለር የሚባል የመሬት ነጋዴ ኩባንያ በዋናው ጎዳናና በሐዲዱ መካከል 68 ኤከር መሬት (ወደ 27 ሄክታር ግድም) ይዞ የፋብሪካ ገዢ ይጠብቅ ነበር። ደንቡ መሬቱን ሸነሸነበት። ለፋብሪካ ቢሆን አንዱ ኤከር 10,000 ዶላር የሚያወጣው፣ ለመኖሪያ ሲሆን 2,500 ዶላር ነው የሚያወጣልኝ ብሎ ከሰሰ። ጠበቃው ተራ ሰው አልነበሩም። በፕሬዚዳንት ዊልሰን ዘመን የጦር ሚኒስትር የነበሩት ኒውተን ቤከር ናቸው።

በ1924 ጉዳዩን መጀመሪያ ያዩት የፌዴራሉ ዳኛ ዌስተንሄቨር ደንቡን ሻሩት። ምክንያታቸውን ሲጽፉም ነገሩን አፍረጥርጠው ተናገሩት። የዚህ ደንብ የመጨረሻ ውጤት ሕዝቡን በገቢውና በኑሮ ደረጃው መድቦ ለያይቶ ማስቀመጥ ነው አሉ። ፍትሐዊ ሰው ነበሩ እንዳትሉኝ። እኚሁ ዳኛ በዚያው ጽሑፋቸው ጥቁሮችና አንዳንድ የውጭ ዘሮች ሰፈር ሲገቡ የቤት ዋጋ እንደሚወድቅ የታወቀ ነገር ነው ብለዋል። የሉዊቪሉ ደንብ ይህን «የታወቀ» ጉዳት ለመከላከል ወጥቶ ከተሻረ፣ የዩክሊድማ እንዴት ይጸናል ነው ክርክራቸው። ደንቡን የጠሉትም የወደዱትም ነገሩ ስለ ምን እንደሆነ አሳምረው ያውቁ ነበር።

ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ኅዳር 1926 ዳኞቹ 6 ለ3 ሆነው መንደሯን ደገፉ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ጆርጅ ሰዘርላንድ ናቸው። የሚገርመው ነገር ክሱ በዋናነት የፋብሪካና የመኖሪያ ጠብ ነበር። አምብለር ፋብሪካ እንጂ አፓርታማ ልሥራ አላለም። ዳኛው ግን ከመንገዳቸው ወጣ ብለው ስለ አፓርታማ ረዘም አድርገው ጻፉ። አፓርታማ የግል ቤቶች የፈጠሩትን ክፍት ቦታና ያማረ አካባቢ ሊበዘብዝ የሚመጣ ነው፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይከተላል፤ አየርና ፀሐይ ይጋርዳል፤ ጫጫታና መኪና ያመጣል፤ ሕፃናትን መጫወቻ ያሳጣል፤ በመጨረሻም የሰፈሩን ጠባይ ያጠፋዋል አሉ። በአንዲት ቃልም ቋጩት፤ አፓርታማ «ፓራሳይት» ነው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ የምለው ነገር ነበር፦ ሰውየው የሚያስበውን ለማወቅ ክርክሩን ሳይሆን ምሳሌውን ተመልከቱ። እስቲ ይህን ቃል ወደ አማርኛ እናምጣው። የሳይንስ አስተማሪዎቻችን «ጥገኛ ተሐዋስያን» ይሉታል። መዥገር፣ ኮሶ፣ ወስፋት መሆኑ ነው። ግን በአማርኛ «ጥገኛ» ሌላም ኑሮ አለው። ጠጋ ያለ፣ የተጠጋ፣ ጥግ የፈለገ ሰው ጥገኛ ነው። ከአገሩ ተሰድዶ በሰው አገር ጥግ የሚለምነውንም «ጥገኝነት ጠያቂ» እንለዋለን። ቋንቋችን መዥገሩንና ስደተኛውን በአንድ ቃል ይጠራቸዋል። ደግ ነገር ነው አልልም፤ ግን አንድ እውነት ያወጣል። ድንጋይና ሲሚንቶ ማንንም አይጠጋም፤ የሚጠጋው ሰው ነው። ዳኛው ሕንፃውን ጥገኛ ሲሉ ከውስጡ ያለውን ሰው ሳይጠሩ ጠሩት። በ1917 በስሙ ማባረር የተከለከለውን ሰው፣ በ1926 በሚያድርበት ሕንፃ ስም ማባረር ተቻለ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ነው። በየከተማው ሰፊው የመኖሪያ መሬት ለአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ ተከለለ። ሕጉ ያልደረሰበትን የግል ውል ሞላው፤ በቤት ሽያጭ ውል ላይ «ለጥቁር አይሸጥም» የሚል አንቀጽ ይገባ ነበር። ይህን የመሰለውን ውል ፍርድ ቤት አላስፈጽምም ያለው በ1948 ነው። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ደግሞ ለባንክ ብድር ዋስትና የሚሰጠው እነዚህን አጥሮች እያየ ነበር። መንግሥት ዋስ የሆነበት ብድር ነጩን ሠራተኛ የግል ቤት ባለቤት አደረገው። ያ ቤት ጡረታውና የልጁ የኮሌጅ ገንዘብ ሆነ። ስለዚህ የዛሬው ነዋሪ «የቤቴ ዋጋ» ሲል የሚንቀጠቀጠው ወዶ አይደለም። ያለው ጥሪት እሱው ነው።

አምብለርስ? መሬቱ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል ባዶውን ሲቀመጥ ቆይቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ፋብሪካ ተተከለበት። የተፈራው ፋብሪካ ገባ፤ የተሰደበው አፓርታማ ስድቡን እንደያዘ ቀረ።

ስድቡ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳየን በቺካጎ አጠገብ ያለው የአርሊንግተን ሃይትስ ታሪክ ነው። በ1970 ቆጠራ ከ64 ሺህ ነዋሪዎቿ መካከል ጥቁሮቹ 27 ብቻ ነበሩ። 27 ሺህ አላልኩም፤ 27 ሰው! እዚያ 80 ኤከር መሬት የነበረው አንድ የካቶሊክ ገዳማውያን ማኅበር ከዚያ ላይ 15 ኤከር ቆርሶ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው 190 መኖሪያዎች እንዲሠሩበት ፈቀደ። ሰማይ ጠቀስ አይደሉም፤ ባለ ሁለት ፎቅ ቤቶች ናቸው። መሬቱ በግል ቤቶች የተከበበ ስለነበር ነዋሪው ተቃወመ፤ መስተዳድሩም በ1971 ከለከለ። ክሱ በ1977 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ ክልከላው ጥቁሮችን ይበልጥ ቢጎዳም ሆን ተብሎ እነሱን ለማግለል መደረጉ ካልተረጋገጠ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ተባለ። ነገር የሚያውቅ ሰው ታዲያ በስብሰባ ላይ «ጥቁር አልፈልግም» ይላል? «መኪና በዛ» ነው የሚለው።

አሁን ልቤን ወደምትነካው ሴት ልምጣ። በኒውጀርሲ ማውንት ሎረል የምትባል የገበሬ ቀበሌ ነበረች። ከባርነት ያመለጡ ጥቁሮች ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት ጀምሮ የሰፈሩባት ናት። ወይዘሮ ኤቴል ሎረንስ ከእነዚህ ነባር ቤተሰቦች የተወለዱ፣ የሕፃናት መዋያ መምህርት ነበሩ። ዘራቸው ለስድስት ትውልድ ከዚያ አልተነቀለም። በ1960ዎቹ ገንቢዎች የእርሻውን መሬት እየገዙ የከተሜ ቤት ሲሠሩበት፣ ነባሮቹ ድሆች በፈራረሱ ቤቶችና ቤት በተደረጉ የዶሮ ማርቢያዎች ውስጥ ቀሩ። መስተዳድሩ ደግሞ እነዚህን ለመኖሪያ አይሆኑም እያለ ያዘጋቸው ጀመር። ወጣቶቹ ወደ ካምደን ከተማ የድሆች ሰፈር ተሰደዱ። ወይዘሮ ሎረንስና ጓደኞቻቸው ተሰባስበው 36 አፓርታማዎች ይሠሩልን ብለው ጠየቁ። 36! በ1970 አንድ እሑድ ከንቲባው በጥቁሮቹ ቤተ ክርስቲያን ተገኝተው መልስ ሰጡ፦ በዚህች ከተማ ለመኖር አቅሙ ከሌላችሁ መልቀቅ ነው ያለባችሁ። ስድስት ትውልድ የኖረ ሰው ጥገኛ የሚባልበት ቀን ይመጣል ማለት ነው።

ሴትዮዋ ከሰሱ። በ1975 የኒውጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በክፍለ ግዛቱ ሕገ መንግሥት መሠረት፣ በማደግ ላይ ያለ ማንኛውም መስተዳድር ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሚሆን ቤት የሚሠራበትን ድርሻውን መፍቀድ አለበት ብሎ ፈረደ። ማውንት ሎረልም «ታዘዘች»፤ ቤት ሊሠራባቸው የማይችሉ ሦስት ቁራጭ መሬቶች፣ በድምሩ 20 ኤከር፣ መርጣ ሰጠች። እንደገና ክርክር ሆነ። በ1983 ሁለተኛ፣ ጠንከር ያለ ፍርድ መጣ። አሁንም ግንባታ የለም። ወይዘሮ ሎረንስ በ1994 ዐረፉ። በ1997 ፕላኑ ሲቀርብ አዳራሹ በተቃዋሚ ሞልቶ የድሮው መዝሙር ተዘመረ፤ ወንጀል፣ ግብር፣ የቤት ዋጋ፣ የሰፈር ጠባይ። በመጨረሻ በ2000 በስማቸው የተሰየመው መንደር ተከፈተ። በጠቅላላው 140 መኖሪያ ነው። ጥያቄው ከቀረበ 30 ዓመት ሆኖታል።

ከዚያስ ምን ሆነ? የፕሪንስተኑ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዳግላስ ማሲና ባልደረቦቻቸው ይህን አጥንተው በ2013 መጽሐፍ አሳተሙ። የወንጀሉን፣ የግብሩንና የአካባቢውን ቤቶች ዋጋ ከተመሳሳይ ጎረቤት ቀበሌዎች ጋር አስተያዩ። መንደሩ በመሠራቱ የመጣ ለውጥ አላገኙም። ወደዚያ የገቡት ቤተሰቦች ኑሮ ግን ተሻሽሏል። ከሁሉም የገረመኝ ሌላ ነው። ከአጠገቡ ከሚኖሩት ጎረቤቶች መካከል እንዲህ ያለ መንደር እዚያ መኖሩን እንኳ የማያውቁ ተገኙ። ሠላሳ ዓመት የተፈራው ጎረቤት መጥቶ ገባ፤ ሳሩን አጨደ፤ ልጁን ትምህርት ቤት ላከ፤ ማንም ልብ አላለውም።

እንዲህ ስል ተቃዋሚ ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። አንዳንዱ ሕንፃ በእውነት ክፉ ነው። በሴንት ሉዊስ ለድሆች ተብለው የተሠሩት 33 የፕሩት ኢጎ ሕንፃዎች፣ እያንዳንዳቸው 11 ፎቅ፣ በ1954 ሰው ገባባቸው፤ በ1972 በፈንጂ መፍረስ ጀመሩ። ጥገና ነፈጓቸው፤ ሥራ ከከተማው ሸሸ፤ ድህነትን በአንድ ቦታ ቆለሉት። ከዚያ ወዲያ የአፓርታማ ስም ሲነሣ በብዙ ሰው ዓይን የሚመጣው ያ አቧራ ነው። የኒውዮርክ ነዋሪዎችም በ1960ዎቹ ሰፈራቸውን ሰንጥቆ ሊያልፍ የነበረውን አውራ ጎዳና ተቃውመው አስቀርተዋል፤ ደግ አደረጉ። የፍሳሽ ቧንቧው ይችላል ወይ፣ አውቶቡስ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ የነዋሪ መብት ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች ግን መልስ አላቸው። ቧንቧ ይሰፋል፤ ፎቅ ይቀነሳል፤ አውቶቡስ ይጨመራል። ጥያቄው ሁሉ ተመልሶለት እንኳ «አይሆንም» የሚል ሰው ሲገኝ ነው ነገሩ ሌላ መሆኑን የምናውቀው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው? አለን እንጂ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ጥገኝነት ጠይቀው አሜሪካ የገቡ ወገኖቻችን ብዙዎቹ መጀመሪያ ያደሩት በአፓርታማ ነው። በቨርጂኒያ በኮሎምቢያ ፓይክ መንገድ ዳርና ዳር፣ በአሌክሳንድሪያም ሳውዘርን ታወርስ በሚባሉት ረጃጅም ሕንፃዎች ውስጥ አማርኛ ሳይሰሙ መዋል አይቻልም። ታክሲ የነዳው፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት የቆረጠው፣ ሆስፒታል አዳር የሠራችው እዚያ ሆነው ነው። ባለ ግቢ ቤቶች ብቻ ቢኖሩ ኖሮ ያ ትውልድ የት ያድር ነበር? ቆይቶ አንዳንዱ ተሳካለትና ራቅ ብሎ ባለ ሣር ቤት ገዛ። በዚያው በአርሊንግተን (ከቺካጎዋ ጋር የሚመሳሰለው ስሟ ብቻ ነው) የካውንቲው ቦርድ በ2023 በአንድ ቤተሰብ ቦታ ላይ እስከ ስድስት መኖሪያ እንዲሠራ ፈቀደ። ነዋሪዎች ከሰሱ፤ በ2024 አንድ ዳኛ ሕጉን ሻሩት፤ ክርክሩ ወደ ይግባኝ ተሸጋገረ። እንዲህ ባለው ክርክር የእኛ ሰው ዛሬ በሁለቱም ወገን ሊቆም ይችላል። ትናንት በጥገኛው ሕንፃ ያደረ፣ ዛሬ ስለ ሰፈሩ ጠባይ ማይክራፎን ሊጨብጥ ይችላል። ሰው ነውና አልፈርድበትም። ግን የትናንት ደረጃውን ከኋላው ለሚመጣው እንዲተውለት እለምነዋለሁ።

በአገር ቤትስ? «ሰፈር» ስንል ቃሉ ከጦር ሰፈር የመጣ ነው። በአዲስ አበባ መኳንንቱ በየኮረብታው ሲሰፍሩ ሎሌውና ወታደሩ ዙሪያውን ሰፈረ፤ የጌታው ግቢና የድሃው ጎጆ አጥር ለአጥር ኖሩ። የጌታና የሎሌ ጉርብትና ነበርና አላሞካሸውም። ግን የአንዱ ልጅ የሌላውን ልጅ ያውቀው ነበር። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው ኮንዶሚኒየምም በዕጣ በመታደሉ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር አልመረጠም። አሁን ደግሞ ሀብታሙ በሩ ላይ ጥበቃ ባለበት ቅጥር፣ ድሃው ከከተማው ዳር እየተለያየ ነው። አሜሪካ በሕግ የሠራችውን እኛ በገንዘብና በግሬደር እየሠራነው እንዳይሆን እሰጋለሁ። እነሱ እንኳ መመለስ ጀምረዋል። በ2018 የሚኒያፖሊስ ከተማ ምክር ቤት የአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ የሚለውን ክልል የሚያስቀር ፕላን አጸደቀ፤ ኦሪገንና ካሊፎርኒያም በየመንገዳቸው ተከተሉ።

እንግዲህ ከቤታችሁ አጠገብ ፎቅ ሊሠራ ነው ሲባል፣ ስብሰባም ከተጠራችሁ፣ ሁለት ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። አንደኛ፣ የምፈራው ሕንፃውን ነው ወይስ የሚገባበትን ሰው? ሁለተኛ፣ እዚህ አይሁን ካልኩ ልጄን የምታስተምረው መምህርትና ሌሊት የምታስታምመኝ ነርስ ማታ የት ይግቡ? ለሁለተኛው መልስ ያለው ሰው ይቃወም፤ መብቱ ነው። መልስ የሌለው ግን ማይክራፎኑን ከመጨበጡ በፊት ማውንት ሎረልን ያስታውስ። እዚያ 36 ቤት ለመከልከል የአንዲት ሴት ዕድሜ አለቀ፤ ቤቱ ተሠርቶ ሲያልቅ ግን ያላወቀም ጎረቤት ነበር።